ጋራዥና ብየዳ ቤት አጠገብ ለምንኖር፦ የመንገዱን አቧራ ከቤትና ከልጅ አፍ እንዴት እናርቀው?

ያደግሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ግቢያችን ከአንድ ባትሪ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጠዋት ጠዋት ደጁን በደረቅ መጥረጊያ ትጠርጋለች። አቧራው ይነሣል፣ ከዚያ መልሶ የተሰጣው ልብስ ላይና ክፍቱ መስኮታችን ላይ ያርፋል። እኛ ልጆች እዚያው አፈር ላይ ብይ እንጫወታለን፣ በዚያው እጃችን ዳቦ እንገምጣለን። ክፉ የሠራ ሰው አልነበረም። ያልነበረው የሚነግረን ሰው ነው። አሁን የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ የምኖረውም ከዚያ ብዙም ሳልርቅ ነው። ስለዚህ ያነበብኩትንና ቤቴ ውስጥ የማደርገውን በተራ በተራ ልጻፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። አቧራ ሲባል ሁላችንም የምንሸፍነው አፍንጫችንን ነው። እርሳስና ሌላ ብረት ያዘለ አቧራ ግን ወደ ትንሽ ልጅ ሰውነት በብዛት የሚገባው በአፍ ነው። ወለል ላይ ያርፋል፣ ከወለሉ እጅ ላይ፣ ከእጅ አፍ ውስጥ። ከታች የምጽፈው ሁሉ ይህን መንገድ መዝጋት ነው።

ደግሞ እርሳስ ስል ልጆች ደብተር ላይ የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ የመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፣ የካርቦን ዓይነት። እኔ የምለው ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባዱንና ለስላሳውን ግራጫ ብረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ሰውነቱ የሚያስቀረው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በጣም የሚጎዳው ደግሞ ገና እያደገ ያለውን አንጎል ነው፤ ትምህርት መቀበልን፣ አንድ ነገር ላይ መቆየትን። ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ ኒኬልና ሌሎች ጎጂ ብረቶችም አሉ፣ ለልጆች ስል ግን እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለእርሳስ ነው።

1. ሰፈራችሁን በእግር ዙሩ

ከቤታችሁ 5 ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በወረቀት ያዙ። ባትሪ የሚሞላ ወይም የሚፈታ አለ? ራዲያተር የሚበይድ? በግራይንደር ብረት የሚቆርጥ? የመኪና አሮጌ ቀለም እየፋቀ አዲስ የሚረጭ? ጎሚስታ? የኤሌክትሪክ ሽቦ አቃጥሎ መዳቡን የሚያወጣ? የሚኒባስ ተራ?

የሁሉም አደጋ አንድ አይደለም። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፣ ስለዚህ መሬት ላይ የሚሰበር ባትሪ ካለ ከዝርዝራችሁ አንደኛ እሱን ጻፉት። ራዲያተር የሚበየድበት ማጣበቂያ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። ጎማ ባላንስ ሲደረግ ሪሙ ላይ የምትመታዋ ትንሽ ብረትም ብዙ ጊዜ እርሳስ ናት፤ ወድቃ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ መኪና ሲመላለስባት ትፈጫለች። ጎማው ራሱ ሲያልቅ ዚንክ ይጥላል፣ የፍሬን ሸራ ደግሞ መዳብና አንቲሞኒ። የማይዝግ ብረት የሚበየድበትና የሚፋቅበት ቦታ ክሮሚየምና ኒኬል አለ። አሮጌ ቢጫና ቀይ ቀለም በእርሳስ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ቤንዚንም አለ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። እርሳስ ግን አይበሰብስም። ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ከጭስ ማውጫ የወጣው ከአሮጌ መንገዶች ዳር አፈር ላይ እንዳለ ይቀመጣል። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ መሃል ከተማው ላይ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል፣ ብዙ አፈርም ተቆፍሯል፤ የድሮ የግድግዳ ቀለምና የመንገድ ዳር አፈር አብሮ ይነሣል። በቀለም ላይ አሁን ሕግ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ አዲስ ቀለም ውስጥ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከዚያ በፊት የተቀባውን ግድግዳ ግን ደንብ አያጥበውም። አጠገባችሁ ቤት ሲፈርስ መስኮት ዝጉ፣ ልጆቹን ወደ ሌላኛው ወገን ውሰዱ።

አደራ፣ ይህን ስትጽፉ ሰው ለመክሰስ አይሁን። ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ምድጃና ባልዲ ሆኖ የሚወጣበት፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ዳግም ሕይወት የሚያገኝበት ቦታ ነው። ሥራው ቆሻሻ ይቀንሳል፣ ብዙ ቤተሰብም ያበላል። ከሁላችን በላይ አቧራውን የሚጠጡትም ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው።

2. አቧራው የት እንደሚተኛ እዩ

ንፋስና ውኃ ያመጣውን አቧራ ጥግ ይይዘዋል። የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ሥር፣ የኮብልስቶን ስንጥቅ፣ የበር መድረክ፣ የመስኮት ደፍ፣ ደረጃ ሥር። ደቃቁን ፍሩት። ብረቱ በብዛት የሚይዘው ደቃቁ አቧራ ላይ ነው፣ እጅ ላይ የሚጣበቀውም እሱ ነው። አሸዋ የመሰለው ሲራገፍ ይወርዳል፣ እንደ ሽሮ ዱቄት የላመው አይወርድም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ሙከራ አለ። ማግኔት በፌስታል ጠቅልሉና ከመስኮት ደፍ የተጠረገ ደረቅ አቧራ ላይ አንሸራትቱት። ጥቁር ጢም የመሰለ ነገር ይይዛል። ግን አትደናገጡ፣ የአዲስ አበባ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ንጹሕ አፈርም ማግኔት ይይዘዋል። ለማወዳደር ከመንገድ የራቀ ቦታ፣ ለምሳሌ እንጦጦ በኩል ያለ አፈር ትንሽ አምጡና ሁለቱን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ። የብረት ቤት አቧራ ከሆነ የተጠማዘዘ ቅርፊት ወይም የሚያብረቀርቅ ክብ ጠብታ ታያላችሁ፤ እሱ ከግራይንደርና ከብየዳ የወጣ ነው። እርሳስ በማግኔት አይያዝም። ስለዚህ ይህ ሙከራ የሚነግራችሁ የወርክሾፑ አቧራ እናንተ ቤት መድረሱን ነው እንጂ መርዝ መኖር አለመኖሩን አይደለም።

3. በሩ ላይ አስቁሙት

ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። ጫማ ውጭ ይውለቅ። እንግዳ ሲመጣ ማፈር አለ፣ አውቃለሁ፣ እኛ አገር እንግዳን «ጫማህን አውልቅ» ማለት ይከብዳል። እኔ በሩ ላይ ንጹሕ የቤት ጫማ ደርድሬ አስቀመጥኩ። ማንም ሳይጠየቅ ይቀይራል። ከደጅ እርጥብ ጆንያ አንጥፉ፣ በየማታው አጥቡት። ደረቅ ምንጣፍ ከሆነ ራሱ የአቧራ ጎተራ ይሆናል።

ወደ መንገድ የሚከፈተውን መስኮት ግራይንደሩ በሚጮህበት ሰዓት ዝጉ። ጠዋት ማለዳ ወይም ማታ ሥራ ከቆመ በኋላ አናፍሱ። የሕፃን ልብስና ዳይፐር መንገድ ዳር አታስጡ።

4. ደረቅ መጥረጊያ ይብቃ

መጥረጊያ አቧራውን አያስወግደውም፣ ከመሬት ወደ አየር፣ ከአየር ወደ አልጋ ያዛውረዋል። ደቃቁ ብናኝ ደግሞ ቶሎ አያርፍም። ስለዚህ ቤት ውስጥ በእርጥቡ ነው የሚሠራው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሁለት ባልዲ ያዙ። አንዱ የሳሙና ውኃ፣ ሌላው ንጹሕ ውኃ። መወልወያውን ሳሙናው ውስጥ ነክራችሁ ከውስጠኛው ግድግዳ ወደ በሩ እየጎተታችሁ ወልውሉ። ከዚያ ንጹሑ ባልዲ ውስጥ አጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ እንደገና ሳሙናው ውስጥ። በአንድ ባልዲ ብቻ ከሆነ ያነሣችሁትን አቧራ መልሳችሁ ወለሉ ላይ እየቀባችሁት ነው። የንጹሑ ውኃ መልክ ሲቀየር ቀይሩት። ቆሻሻውን ውኃ ሽንት ቤት ድፉት። ጓሮ ከጎመኑ ሥር ወይም ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ፈጽሞ እንዳትደፉት!

የመስኮት ደፍ በሳምንት ሁለቴ በእርጥብ ጨርቅ። ልጅ የሚድህበት ወለል ከተቻለ በየቀኑ። ፀጉራም ምንጣፍ ካለና ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፣ በምትኩ የሚታጠብ ሰሌን ወይም ላስቲክ አንጥፉ። ብርድ ልብስ በረንዳ ላይ አታራግፉ፤ የእናንተ ይወጣል፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ይቀበለዋል።

ግቢውና ደጁስ? መጥረግ ይኖራል፣ መቅረት አይችልም። ውኃ ሲገኝ መጀመሪያ ርጩት፣ አፈሩ ጠቆር እስኪል፣ ከዚያ ጥረጉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቅንጦት ይመስላል። ልብስ ያለቀለቃችሁበት ውኃ ግን ለዚህ ይበቃል፣ የሥራ ልብስ ያጠባችሁበት ካልሆነ። የተጠረገውን በፌስታል ቋጥራችሁ ከቤት ቆሻሻው ጋር ስጡ፣ ቱቦ ውስጥ አትግፉት።

5. እጅ

ከመብላት በፊት፣ ከውጭ ሲገቡ፣ ከእንቅልፍ በፊት፣ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ። ሳኒታይዘር ጀርም ይገድል ይሆናል፣ ብረት ግን አያነሣም፤ እጁ ላይ እንዳለ ይተወዋል። የልጆች ጥፍር አጭር ይሁን። ጡጦና ልጁ አፉ ውስጥ የሚከተው መጫወቻ መሬት ላይ ሲወድቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መመለስ አይበቃም፣ ይታጠብ።

ጉርሻም አለ። አባት ከጋራዥ ገብቶ፣ ልጁ ሮጦ ሲመጣበት፣ ገና እጁን በደንብ ሳይታጠብ አንድ ጉርሻ። ያ ፍቅር ነው፣ እንዲቀርም አልፈልግም። እጁ ታጥቦ፣ ልብሱ ተቀይሮ ይሁን ብቻ።

6. ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት ወይም ብየዳ የሚሠራ ሰው ቤት ውስጥ ካለ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ጎረቤት ያለው ወርክሾፕ አቧራ በንፋስ ይመጣል፣ በሥራ ልብስ የሚገባው ግን በቀጥታ ልጁ ጭን ላይ ነው የሚደርሰው። ሠራተኛው የመጣበት ቱታ፣ ኮፍያው፣ የጫማው ማሰሪያ፣ ፀጉሩ ሁሉ ይዟል።

ቱታው ሥራ ቦታ ይቅር። የሚቆለፍበት ከሌለ በፌስታል ተቋጥሮ ይምጣና ደጅ ይሰቀል። ከቤት ልብስ ጋር አይዘፍዘፍ፣ ለብቻው በተለየ ሳፋ ይታጠብ፣ ሲታጠብም ከመራገፉ በፊት ውኃ ይግባበት። የሚያጥበው ሰው ነፍሰ ጡር ባትሆን ደግ ነው፤ እርሳስ ከእናት ደም ወደ ጽንስ ይሻገራል። ሠራተኛው ከተቻለ እዚያው ሥራ ቦታ ገላውን ይታጠብ፣ ካልተቻለ ቢያንስ ፊቱን፣ እጁን እስከ ክርኑና ፀጉሩን። ልጁን ማቀፍ ከዚያ በኋላ።

ሥራ ላይ ምሳ ባትሪ በሚፈታበት ጠረጴዛ ላይ አይበላ። ሲጋራም አይጨስ፣ ጫትም አይቃም፣ እጅ ከአፍ የሚገናኝበት ነገር ሁሉ አንድ ነው። ፊት ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ትልልቁን ይከለክል ይሆናል እንጂ የብየዳ ጭስና ደቃቅ ብናኝ አያስቆምም። ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለ ማስክ ፊት ላይ ገጥሞ ሲደረግ ይረዳል። እኔ የማውቀው አንድ ወጣት የባትሪ ሠራተኛ ሆዱን ይቆርጠው ነበር፣ ይደርቅበት ነበር፣ ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። እርሳስም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ የሥራው ዓይነት ምን እንደሆነ የጠየቀው ባለሙያ ግን አልነበረም። እናንተ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

7. ምግብ

በርበሬ፣ ስንዴ ወይም ብቅል መንገድ ዳር አታስጡ። ግዴታ ከሆነ ከመንገድ ዞር ያለ ሰገነት ላይ፣ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ የሚታጠብ ነገር አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። የጓሮ ጎመንና ሰላጣ በሚፈስ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ውኃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እርሳስን ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል።

ባዶ ሆድ እርሳስን በብዛት ይቀበላል። ልጅ ቁርስ ሳይበላ ለጨዋታ አይውጣ። የብረት ማዕድን (አይረን) እና ካልሲየም የሚያንሰው ልጅም እንዲሁ ብዙ ያስቀራል። ምስር፣ ሽሮ፣ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ሲገኝ ወተትና ሥጋ። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ሰውነት የብረት ማዕድኑን እንዲያገኝ ይረዳል። ይህ የገባውን አያወጣም፣ አዲስ የሚገባውን ግን ይቀንሳል።

ሳልረሳው፣ ሕፃን ዓይን ላይ የሚደረግ ኩል። አንዳንዱ ኩል የሚሠራው ከእርሳስ ማዕድን ነው። አቧራውን ስንዋጋ በገዛ እጃችን አንቀባው።

8. ማስመርመር ከፈለጋችሁ

አንድ ቤት ብቻውን ቢያደርገው ወጪው ይከብዳል፣ የግቢ ወይም የእድር ሰዎች ብትሰባሰቡ ይሻላል። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ የመመረቂያ ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ሄዳችሁ ብታናግሩ አይከፋም። የምትወስዱት አቧራ ግን በደንብ ካልተሰበሰበ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

ጊዜው በጋ ይሁን፣ ዝናብ ሳይጥል ቢያንስ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ። ክረምት ላይ ጎርፉ ደቃቁን አጥቦ ስለሚወስደው ዝቅ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ በከንቱም ትረጋጋላችሁ። አዲስ የፕላስቲክ ብሩሽና የፕላስቲክ ማፈሻ ግዙ። የቆርቆሮ ማፈሻ ራሱ ብረት ያራግፋል። ደጃፋችሁ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለኩ፣ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ብናኙ እንዳይነሣ። በ20 እርምጃ ልዩነት አምስት ቦታ ላይ ይህንኑ ድገሙና አንድ ላይ ቀላቅሉት። ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አጠገቡ ያለው የሥራ ዓይነት ጻፉበት። ከመስኮት ደፍ ለብቻ፣ ከወለል ለብቻ። ከመንገድ የራቀ ቦታ አፈርም አንድ ጨምሩ፣ ያለ ማወዳደሪያ ቁጥር ትርጉም የለውም። በየቦታው መሃል ብሩሹን አጥባችሁ አድርቁት። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ ልጅ አታስከትሉ።

ላብራቶሪው በደቃቅ ወንፊት እንዲነፋው ጠይቁ፣ ሳይነፋ ከተለካ አሸዋው ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ውጤቱ በአንድ ኪሎ አቧራ ስንት ሚሊግራም ተብሎ ይመጣል። ለማነጻጸር ያህል፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለብዙ ዓመታት ለመኖሪያ ግቢ አፈር እንደ መነሻ የሚጠቀምበት የእርሳስ መጠን 400 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 200 አወረደው።

ከአቧራው ይልቅ ግን የልጁ ደም ይቅደም። ሐኪሙን «ደሟ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ይለካልኝ» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ተራው የደም ምርመራ ይህን አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲዘጋ ይላል። በዚህ ደረጃ ልጁ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፣ ይጫወታል፣ ይበላል። «ደህና ነው» ብላችሁ አትተዉት።

9. ወርክሾፑን አነጋግሩ

ብቻችሁን ተቆጥታችሁ አትሂዱ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ከተቻለ ሰፈሩ የሚያከብራቸውን አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ። እኛ የሄድነው ከቡና በኋላ ነበር። «ጋሼ፣ ልጆቻችን እዚህ ነው የሚጫወቱት፣ የእርስዎም ልጆች እንደዚያው» ብለን ነው የጀመርነው። የጠየቅነውም አራት ነገር ብቻ ነው። ባትሪ መሬት ላይ አይሰበር፣ ሙሉውን ለቆራሌው ወይም ለሚረከብ ድርጅት ይሸጥ። አሲዱ ቱቦ ውስጥ አይደፋ። ብረት የሚፋቀው በሸራ ተከልሎ ይሁን። ማታ ደጁ በውኃ ተረጭቶ ይጠረግ። ሁለቱን ወዲያው ተቀበሉ፣ ሸራውን እኛ አዋጥተን ገዛን። የባትሪው ነገር ብዙ ወር ወሰደ።

እምቢ ካሉ ወረዳ አለ፣ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። አቤቱታችሁን በጽሑፍ፣ በፎቶና በቀን አድርጉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። ሁለቱንም ማመልከቻው ላይ ጻፏቸው።

ቤት ልትከራዩ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት በሥራ ቀን፣ ከቀኑ በ9 ሰዓት ገደማ፣ ሰፈሩን አንዴ ዙሩት። እሑድ ጋራዡ ዝግ ነው፣ መንገዱም ንጹሕ ይመስላል። ከገባችሁም ዕቃ ሳይገባ ግድግዳውን፣ የመስኮቱን ደፍና ወለሉን ሁለቴ በእርጥቡ አጥባችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ፤ ያለፈው ተከራይ ያልወሰደው አቧራ እዚያው ይጠብቃችኋል።